ሰዓቱን የሚሞላ ወይስ ሰዓቱን የሚያስለቅቅ? ዲጂታል ቴክኖሎጂ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ውስጥ

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሥርዓት እንደገና ሲዘረጋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲወስዷቸው ከተወሰኑት ኮርሶች አንዱ «ኢንትሮዳክሽን ቱ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» የሚባለው ነው። ሞጁሉ ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስና ስለ ኦግመንትድ ሪያሊቲ በየምዕራፉ ያብራራል። ብዙ ተማሪዎች ግን ኮርሱን የሚጨርሱት አንድም መሣሪያ ሳይነኩ፣ አንድም ፕሮግራም ሳይሞክሩ ነው። ሞጁሉ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል፤ መምህሩ ከሞጁሉ የተቀነጨቡ ስላይዶችን በፕሮጀክተር እያሳየ ያነብባል፤ ተማሪው ደግሞ የቀደሙት ባቾች የተዉትን የጥያቄ ስብስብ አፈላልጎ፣ ፍቺዎቹን ሸምድዶ፣ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል። ስለ መጪው ዘመን ቴክኖሎጂ የሚያስተምረው ኮርስ በጣም ባረጀው መንገድ ተሰጥቶ ያልቃል ማለት ነው።

ይህ ችግር የመጣው ዲጂታል መሣሪያ ስለሌለ አይደለም። ፕሮጀክተሩም፣ ስልኩም፣ ፒዲኤፉም፣ ቴሌግራሙም አለ። የጎደለው፣ መሣሪያው ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የመማሪያው ሰዓት ለምን ሥራ እንደሚውል መወሰን ነው። በእኔ እምነት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የዲጂታል ቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት ሲመዘን ዋናው መለኪያ ይህ ሊሆን ይገባል። መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ውድ ሰዓት ለልምምድ፣ ለጥያቄና ለእርማት ካስለቀቀው ቴክኖሎጂው ይጠቅማል፤ ሰዓቱን እሱ ራሱ ከሞላው ግን፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ሰሌዳ ላይ ኖት ጽፎ ከማስገልበጥ የተሻለ ነገር አያመጣም። አንዳንዴም ይብሳል።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የምንጠቅሰው ማስረጃ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው፣ ሁላችንም «ፕላዝማ» እያልን የምንጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ዓላማው ቀና ነበር። በገጠርም በከተማም ያለ ተማሪ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ፣ የመምህራን እጥረት ባለባቸው የትምህርት ዓይነቶች ክፍተቱ እንዲሞላ፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ሙከራው ቢያንስ በምስል እንዲታይ ታስቦ ነው የተጀመረው። ነገር ግን ሥርጭቱ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት የሚተላለፍ፣ ተማሪው ያልገባው ቦታ ላይ ሊያስቆመው የማይችል ነበር። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ሰው ሆነ። በፕላዝማ ከተማሩት መካከል ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሰዓቱ በስክሪን ሲያዝ ጥያቄ የሚጠየቅበት ጊዜ ከየት ይቀነስ እንደነበር እነሱ በደንብ ያስታውሱታል።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሌላ ገጽታ አሳየን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በቀናት ውስጥ ትምህርት ተቋረጠ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተሰቦቻቸው ተላኩ። በድኅረ ምረቃ ደረጃ በኢሜይል፣ በቴሌግራምና በዙም ትምህርቱን ለማስቀጠል የሞከሩ ነበሩ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን አብዛኞቹ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ወይም የዳታ ዋጋ ወደማይቻልበት ቀዬ ስለተመለሱ፣ በ2013 ዓ.ም. በየተራ እስኪጠሩ ድረስ ከትምህርት ርቀው ለወራት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሙድል ያሉ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶችን ይበልጥ ትኩረት ሰጥተዋቸዋል፤ ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም በብዙ ቦታ ሥርዓቱ የሚያገለግለው ሃንድአውት ለማስቀመጫ ብቻ ነው፤ የውይይት መድረኩ ባዶ ነው፣ የመልመጃው ክፍል አልተከፈተም፣ ተማሪውም ፋይሉን ከቴሌግራም ማግኘት ስለሚቀለው ወደዚያ አይገባም።

ጥቅሙን ማሳነስ ግን ስሕተት ይሆናል። ከ20 ዓመት በፊት የተማረ ሰው አንድን የማጣቀሻ መጽሐፍ ለአንድ ሰዓት ለማግኘት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ በጠዋት መሰለፍ ምን እንደነበር አይረሳውም። ዛሬ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በነፃ የለቀቃቸው የኮርስ ማስታወሻዎችና መልመጃዎች፣ ክፍት የሆኑ የምርምር መጽሔቶችና መማሪያ መጻሕፍት ዲላም ሆነ ደብረ ታቦር ባለ ተማሪ ስልክ ላይ ሊከፈቱ ይችላሉ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው «ፌት» የተሰኘው በኮምፒውተር የሚሠሩ የማስመሰያ ሙከራዎች ስብስብ ተማሪው የኤሌክትሪክ ዑደትን በእጁ እንደሚገጣጥም ሆኖ እንዲሞክር ያስችለዋል፤ በነፃ የሚገኝ ሲሆን አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የቤተ ሙከራ ዕቃው ለስድስት ተማሪ አንድ በሆነበት፣ ዕቃው የሚደርሰው ደፋር ለሆነው ተማሪ ብቻ በሆነበት ሁኔታ፣ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ተሳስቶ ራሱ የሚያርምበት ዕድል ትልቅ ነገር ነው። እውነተኛውን ቤተ ሙከራ አይተካም፤ ተማሪው ወደ እውነተኛው ሲገባ ግን ምን እንደሚፈልግ አውቆ እንዲገባ ያደርገዋል።

ትልቁ ጥቅም ግን ከዕቃውም ከመጽሐፉም ይልቅ ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ፣ 225 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ንግግር ብቻ የሚሰሙ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ራሳቸው እየሠሩና እየተወያዩ ከሚማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው በ1.5 እጥፍ ይበልጣል። ጥናቱ የመረመረው ቴክኖሎጂን ሳይሆን የማስተማሪያ ዘዴን ነው፤ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

70 ተማሪ የያዘ የስታቲስቲክስ ክፍል እናስብ። መምህርቷ የዕድል ስሌትን መሠረታዊ ሐሳብ በስልኳ ቀርጻ፣ መጠኑን አሳንሳ፣ ከሁለት ቀን በፊት በግሩፑ ላይ ትለቀዋለች። ከሥሩ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ታስከትላለች፤ መልሱ የሚላከው ከክፍል በፊት ባለው ምሽት ነው። መልሶቹን ስታይ ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሳቱት ትገነዘባለች፤ ሁለቱ ክስተቶች አንዱ በሌላው ላይ ጥገኛ መሆናቸውን ሳያስተውሉ ዕድሎቹን ዝም ብለው አባዝተዋቸዋል። በማግስቱ ክፍል ስትገባ ከምዕራፉ መጀመሪያ አትነሣም። ያንን ስሕተት ሰሌዳው ላይ ትጽፈውና «ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?» ብላ በመጠየቅ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንዲከራከሩበት ታደርጋለች፤ እሷም በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረች ደብተር ታያለች። እዚህ ላይ ውድ የሆነ መሣሪያ የለም። አንድ ስልክና አንድ ግሩፕ ብቻ ነው ያለው፤ ነገር ግን 50 ደቂቃው ሙሉ በሙሉ ለተማሪው ተለቅቋል። በትልልቅ ክፍሎች መምህሩ ማን ምን እንዳልገባው የሚያውቀው ከአጋማሽ ፈተና በኋላ፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ዲጂታል መሣሪያ ይህን እውቀት ከፈተናው አስቀድሞ ሊያመጣው ይችላል፤ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ሁሉ እኔ የማስበልጠውም ይህንኑ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ በየሕንፃው እናየዋለን። 80 ስላይድ በአንድ ክፍለ ጊዜ፤ እያንዳንዱ ስላይድ ከመጽሐፍ እንዳለ የተገለበጠ አንቀጽ፤ መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያነብባል። ስላይዱ በኋላ እንደሚላክለት የሚያውቅ ተማሪ ለምን ይጽፋል? ማስታወሻ መያዝ ሰምቶ መምረጥን፣ መርጦም በራስ ቃል ማሳጠርን ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ያ ድካም «ሶፍት ኮፒ አለ» በሚል ቃል ይቀራል። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ የተወሰኑ መምህራን ፕሮጀክተር ከሌለ ክፍለ ጊዜውን ለሌላ ቀን ማዛወር መልመዳቸው፣ መሣሪያው ረዳት መሆኑ ቀርቶ የኮርሱ ተሸካሚ መሆኑን ያሳያል።

የትኩረት ጉዳይም አለ። በካናዳ የማክማስተርና የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርት እየሰሙ በላፕቶፓቸው ሌላ ነገር ይሠሩ የነበሩ ተማሪዎች በፈተናው 11 በመቶ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ራሳቸው ምንም ሳይነኩ የሌላው ስክሪን ከሚታይበት ቦታ የተቀመጡት 17 በመቶ ዝቅ ማለታቸው ነው። የኛ ተማሪ ላፕቶፕ ላይኖረው ይችላል፤ ስልክ ግን አለው፣ ወንበሮቻችንም የተጠጋጉ ናቸው። ስለዚህ «እኔ ማንንም አልረበሽኩም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ስልክ ለመልመጃው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይውጣ፣ በሌላው ሰዓት ይግባ የሚል ቀላል ስምምነት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ከተማሪዎች ጋር መፈጸም ከጅምላ እገዳውም ከጅምላ ፈቃዱም የተሻለ መንገድ ይመስለኛል።

ሲጠየቅ መልስና ጽሑፍ የሚያዘጋጀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ከፍ ወዳለ ደረጃ ተሸጋግሯል። አሳይመንት ድሮም ይኮረጅ ነበር፤ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት የግሩፕ ሥራ ለማንም አዲስ አይደለም። አሁን ግን ያ አንዱ ተማሪም ላይሠራ ይችላል። በቱርክ ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያካሄዱት የሒሳብ ሙከራ ጉዳዩን በትክክል ያስረዳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እንደፈለጉ የተጠቀሙ ተማሪዎች በልምምድ ወቅት 48 በመቶ የተሻለ ሠሩ፤ መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ጭራሽ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ አነሱ። መልሱን ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ እየሰጠ እንዲያስጠና ሆኖ የተዘጋጀለት ቡድን ግን በልምምዱ ከሁሉም የበለጠ ሲሆን፣ በፈተናው ላይ የታየው ጉዳትም በአብዛኛው ቀርቶለታል። መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መምህራን አስቀድመው የወሰኑት የአጠቃቀም መንገድ ነው።

እዚህ ላይ መምህራንን አጥብቄ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ለችግሩ መፍትሔ አድርገው የያዙት «በማሽን የተጻፈ ነው» የሚሉ መለያ ፕሮግራሞችን ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መለያዎችን ፈትነው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በገዛ እጃቸው ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች መካከል በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን መለያዎቹ «የማሽን ጽሑፍ» ብለው እንደፈረጇቸው አሳውቀዋል። ምክንያቱም ቀላልና የተለመዱ ቃላትን የሚጠቀም ጽሑፍ ለመለያው የማሽን ስለሚመስለው ነው። የኛ ተማሪ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው፣ ባለው ጥቂት እንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው በማለት አንሥቶታል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ፍርድ ተማሪን «ኤፍ» መስጠት ግፍ ነው። ተማሪውን ጠርቶ ስለ ጻፈው ነገር አሥር ደቂቃ ማነጋገር ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሐቁን ያወጣል፣ ለተማሪውም ትምህርት ይሆነዋል።

ስለ መሠረተ ልማት ብዙ ስለተባለ በአጭሩ ልለፈው። ኔትወርክ የማይዘው ዶርም፣ ማታ ማታ የሚጨናነቀው ዋይፋይ፣ ከቤተሰብ በሚላክ ጥቂት ብር የሚገዛው የዳታ ፓኬጅ የታወቁ ናቸው። በቂ ትኩረት ያላገኘው የመቋረጥ ጉዳይ ነው። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ግንኙነት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጧል፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእነዚህ አካባቢዎች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንና ተማሪዎች ሙሉ በሙሉ በመስመር ላይ በሚገኝ ነገር ላይ የተመሠረተ ኮርስ ምን ያህል ሊሰባበር እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መመሪያ፣ የሚዘጋጅ ማንኛውም ዲጂታል ትምህርት ወርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ፣ በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር እንዲቀመጥ፣ በፍላሽም እንዲተላለፍ ሆኖ ይሠራ የሚል ነው። ቪዲዮ ከሆነ አጭርና ቀላል፣ ድምፅ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ድምፅ ብቻ ይሁን።

የመውጫ ፈተናው ደግሞ በራሱ መንገድ የማስተማሩን ነገር እየቀየረው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች በኮምፒውተር የሚሰጥ አገር አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፈተናው የኮምፒውተር ክፍሎች እንዲታደሱ፣ ሰርቨርና ጄኔሬተር እንዲዘጋጅ ማስገደዱ አንድ በጎ ውጤት ነው፤ ውጤቱ በቶሎ መታወቁና የፈተና መሰረቅ መቀነሱም እንዲሁ። ሥጋቴ ግን ሌላ ነው። በኮምፒውተር በቀላሉ የሚታረመው የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ የመጨረሻው ዓመት የትምህርት ሰዓት ቀስ በቀስ ወደ ምርጫ ጥያቄ ልምምድ እያዘነበለ ነው። ቴሌግራም ላይ በየትምህርት ክፍሉ ስም የተከፈቱ የጥያቄ ቻናሎች ሞልተዋል፤ መምህራንም ቱቶሪያል ብለው የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ወይም አቤቱታ የሚጽፍ የሕግ ባለሙያ ከአራት አማራጭ አንዱን በመምረጥ ሥራውን አይሠራም። እነዚያኑ የታደሱ ኮምፒውተሮች ከፈተናው ሳምንት ውጭ ተማሪዎች የሚነድፉባቸው፣ ዳታ የሚተነትኑባቸውና የሚጽፉባቸው ማድረግ ይቻላል። በአንዳንድ ግቢዎች ግን ክፍሎቹ ዕቃው እንዳይበላሽ ተብሎ ተቆልፈው ይውላሉ።

ከውጭ በሚመጡ ዝግጁ ኮርሶች ላይ ያለውን ተስፋም በልኩ መያዝ ይሻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለብዙ ወጣት በር ከፍቷል። ነገር ግን ሃርቫርድና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 በመስመር ላይ የሰጧቸው ነፃ ኮርሶች ሲመረመሩ፣ በመጨረሻው ዓመት የጨረሱት ከተመዘገቡት 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ታይቷል። ኮርሶቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። የሚጠይቅ፣ የሚያበረታታ፣ ቀነ ገደብ የሚያስከብር ሰው አጠገባቸው ስለሌለ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል እንዲህ ያለውን ኮርስ ወስዶ በሳምንት አንድ ቀን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ቢያወያይበት፣ ውጤቱንም በተከታታይ ምዘናው ላይ ቢቆጥርላቸው፣ ይኸው ኮርስ ሌላ ዓይነት ፍሬ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ግን የመምህሩን ጊዜ ይጠይቃል፤ አሠራራችን ያልነካው ትልቁ ጉዳይም ይኸው ነው። መምህር ሎዱ፣ ማለትም የማስተማር ሥራ ድርሻው፣ የሚቆጠርለት በክፍል ውስጥ በቆመበት ሰዓት ነው። ትምህርቱን ለመቅረጽ ያመሸበት፣ የ70 ተማሪ መልስ ያነበበበት፣ ተማሪ ጠርቶ ስለ ጽሑፉ ያነጋገረበት ሰዓት በሎድ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ሰማንያ ስላይድ የሚያነበውና የስታቲስቲክሷ መምህርት በስሌቱ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም እሱ በቀሪው ሰዓቱ ሌላ ተቋም ሄዶ በትርፍ ሰዓት ማስተማር ይችላል። ለመምህራን የሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና ስለ አሳታፊ ማስተማር ለዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል፤ የሠለጠነው መምህር ግን ሲመለስ የሚጠብቀው ያው የሰዓት ቆጠራ ነው። ለአዳዲስ ስቱዲዮዎችና ሶፍትዌሮች በጀት የሚይዝ የዩኒቨርሲቲ ሴኔት በዚያው ስብሰባ አንድ ኮርስ ወደ ዲጂታል ለሚቀይር መምህር ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር የሎድ ቅናሽ ቢፈቅድ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የዚያን ኮርስ ተማሪዎች ውጤት ከቀድሞው ጋር አነጻጽሮ ቢመለከት፣ የትኛው ዕቃ ገንዘቡን እንደሚያወጣና የትኛው እንደማያወጣ ከራሱ ግቢ በተገኘ መረጃ ሊወስን ይችላል።